አበባ ሲወጣ የሚመጣ ሕመም፦ የአፍንጫ አለርጂ በሞጆና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የአፍንጫ አለርጂ፣ ብዙዎች ሃይ ፊቨር በሚለው ስሙ የሚያውቁት ሕመም፣ ሰውነት በራሱ ጉዳት የማያደርስን ባዕድ ነገር፣ ለምሳሌ በነፋስ የሚበተንን የሣር አበባ ብናኝ፣ እንደ ወራሪ ቆጥሮ ሊከላከለው ሲነሣ በአፍንጫና በዓይን ላይ የሚፈጠር ብግነት ነው። ገዳይ ባለመሆኑ ከወባ፣ ከሳንባ ነቀርሳና ከስኳር በሽታ ጎን ሲቆም ትኩረት አይስብም፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍ ይነሣል፣ ተማሪን ከትምህርቱ ያዘናጋል፣ ሠራተኛን ከሥራው ያጓድላል፣ ሳይታከም ሲቀርም አስም ያለበትን ሰው ሁኔታ ያባብሳል። በዓለም ዙሪያ ከአዋቂዎች መካከል ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት እንደሚጠቁ ይገመታል።

ሕመሙን በቅርብ ለመመርመር ሞጆ ተስማሚ ቦታ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በአንድ ወገን የሎሜ ወረዳ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የሽምብራና የምስር ማሳዎች የከበቧት የገበሬ አገር ስትሆን፣ በሌላ ወገን የአዳማና የሐዋሳ መንገዶች የሚለያዩባት፣ አሮጌውም አዲሱም የጅቡቲ ባቡር መስመር የሚያልፍባት፣ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት የከባድ መኪና ከተማ ናት። በመሆኑም የሣር ብናኝ፣ የእብቅ አቧራና የናፍጣ ጭስ በአንድ ነዋሪ አፍንጫ ውስጥ በአንድ ቀን ሊገናኙ ይችላሉ።

በሞጆም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በአዳማ፣ በመቂና በባቱ የሚኖር ታማሚ መድኃኒቱን ከፋርማሲም ከጓሮም ይፈልጋል። ሁለቱን እንደ ተቀናቃኝ አይቶ አንዱን ማወደስና ሌላውን መንቀፍ ለታማሚው የሚያተርፍለት ነገር የለም፤ የሚጠቅመው ለክኒኑም ለቅጠሉም አንድ ዓይነት ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ የሰውነቱን የተሳሳተ ምላሽ ይገታል ወይስ ስሜቱን ብቻ ያስታግሳል? መሥራቱ በታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ታይቷል? የሚያስከትለው ጉዳትስ ምንድን ነው?

ከክረምት ማግስት እስከ ውቂያ

በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የሣር ዑደት ከዝናቡ ጋር የተሳሰረ ነው። በሰኔ የሚገባው ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ሣሩን ያሳድገዋል፤ ዝናቡ እየቀለለ ሲሄድ ደግሞ በመንገድ ዳርና በኳስ ሜዳ የተነጠፈው ሰርዶ፣ በማሳ ድንበር የቆመው ሙጃና በየተዳፋቱ የሚወዛወዘው ሰንበሌጥ አብበው ብናኛቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ። ሰርዶ በብዙ ሞቃት አገሮች ከታወቁት የአለርጂ ቀስቃሾች አንዱ ሲሆን፣ አበባው ደቃቅና ቀለም አልባ በመሆኑ በላዩ የሚራመድ ሰው እንኳ ማበቡን አያስተውልም።

በዚሁ ጊዜ ዓይን የሚስበው አደይ አበባ ነው፤ ብዙ ሰውም ማስነጠሱን በእርሱ ያሳብባል። ሆኖም እንደ አደይ ያሉ ደማቅና ንብ የሚስቡ አበቦች ብናኛቸው ከባድና ተጣባቂ በመሆኑ በብዛት የሚጓጓዘው በነፍሳት እግር እንጂ በነፋስ አይደለም። ነፋስን ተማምነው የሚራቡት ሣሮች ግን ብናኛቸው በእርግጠኝነት ተቀባይ አበባ ላይ ስለማያርፍ፣ የጎደለውን በብዛት ለማካካስ እጅግ ብዙ ቀላልና ደረቅ ቅንጣት ወደ አየር ይለቃሉ። የእያንዳንዱ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ከ20 እስከ 40 እጥፍ ብቻ ስለሆነ በዓይን ሳይታይ ረጅም ርቀት ይጓዛል። ስለ ጤፍና ስለ ስንዴም ተመሳሳይ እርማት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያራቡ ሰብሎች በመሆናቸው ወደ አየር የሚለቁት ብናኝ ጥቂት ነው፤ በጤፍ ማሳ አጠገብ የሚያስነጥሰው ሰው ይበልጥ ሊጠረጥር የሚገባው በማሳው ዳር የበቀለውን ሣርና አረም ነው።

የመስከረምና የጥቅምት በዓላትም ሰውና ሣርን ያቀራርባሉ። በእንቁጣጣሽ የታጨደ ለምለም ሣር በየቤቱ ይጎዘጎዛል፤ ከሞጆ ብዙም በማትርቀው ቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በሚከበረው ኢሬቻ ምእመናኑ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው ምስጋና ያቀርባሉ። አለርጂ ያለበት ሰው ከእነዚህ በዓላት መቅረት አይጠበቅበትም፤ መድኃኒቱን አስቀድሞ መጀመር፣ በቤት የተጎዘጎዘውንም ሣር ሳይደርቅና ሳይሻግት ማንሣት ከብዙ ሥቃይ ያድነዋል።

ወደ ኅዳር ሲደረስ የብናኙ ዓይነት ይለወጣል። እስከ ጥር በሚዘልቀው የውቂያ ወራት በሬዎቹ በአውድማው ላይ ሲዞሩ፣ ገበሬው ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ሲበትን፣ ፍሬው ወደ ምድር ሲወርድ እብቁና አቧራው ወደ ሰው ፊት ይነሣል። ይህ አቧራ የተክል ስብርባሪ፣ የሻጋታ ዘርና በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የአቧራ ተባዮችን የያዘ ስለሆነ በአበባ ብናኝ የማይታመመውን ሰው ጭምር ሊያስነጥስ ይችላል። ርጥበት አግኝቶ የሻገተ ጭድ ከነካ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የሚመጣበት ገበሬ ግን የገጠመው ሌላ የሳንባ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። በ1911 ዓ.ም. ከተከሰተው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘው፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድም በዚሁ ወቅት ከተሞችን በጭስ ይሸፍናል፤ ጽዳቱ የሚመሰገን ቢሆንም ጭሱ ለታመመ አፍንጫና ለአስም ሕሙማን ተጨማሪ ጫና ነው።

በአፍንጫ ውስጥ የሚሆነው

ሕመሙን በጽሑፍ በዝርዝር ከገለጹት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ቦስቶክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1819 ያቀረበው ገለጻ በየበጋው ራሱን ስለሚያሠቃየው ሕመም ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ እርሱም ታማሚ በመሆኑ የሣር ብናኝን በራሱ አፍንጫና ቆዳ ላይ ሞክሮ መንሥኤው ሙቀትም ፀሐይም ሳይሆን ብናኙ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። አለርጂ የሚለውን ቃል ኦስትሪያዊው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 አስተዋወቀ፤ ለምላሹ ተጠያቂ የሆነው ኢሙኖግሎቡሊን ኢ የተባለ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባዕድን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ የታወቀው ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

ሂደቱ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ታማሚው ምንም አይሰማውም፤ ብናኙ ወደ አፍንጫው ደጋግሞ ሲገባ ሰውነቱ ለዚያ ብናኝ የተለየ ኢሙኖግሎቡሊን ኢ ያመርትና አንቲቦዲው በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ይለጠፋል። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ምናልባትም ከዓመት በኋላ፣ ያው ብናኝ ተመልሶ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ በውስጣቸው ያከማቹትን ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃሉ። ሂስታሚን ነርቭን ቆስቁሶ ማሳከክና ማስነጠስን፣ የደም ሥሮችን አስፍቶ ንፍጥና እብጠትን ያመጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ሌሎች የብግነት ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ ማለዳ ብናኝ የሳበ ሰው ማታ አፍንጫው የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው። የናፍጣ ጭስ ቅንጣቶች የአለርጂ ምላሹን እንደሚያጎሉት በቤተ ሙከራም በሰዎችም ላይ በተደረጉ ምርምሮች የታየ በመሆኑ፣ ሣርና ከባድ መኪና ጎን ለጎን በሚገኙባት ሞጆ ይህ ነጥብ ልዩ ክብደት አለው።

ጉንፋን፣ ሳይነስ ወይስ አለርጂ

የተሳካ ሕክምና የሚጀምረው ሕመሙን ከመሰሎቹ በመለየት ነው። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮ ሕመምና ከድካም ጋር ጀምሮ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ያበቃል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለውም፤ ምልክቶቹ ተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ፣ የአፍንጫ፣ የላንቃና የዓይን ማሳከክ ሲሆኑ፣ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ በየዓመቱም በዚያው ወቅት ይመለሳሉ። በተለምዶ ሳይነስ የሚባለው፣ በፊት አጥንቶች ውስጥ ያሉት የአየር ክፍተቶች በባክቴሪያ የሚቆጡበት ሕመም ደግሞ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ፣ የጉንጭ ወይም የግንባር ሕመምና አንዳንዴም ትኩሳት ያሳያል፤ ከዐሥር ቀን በላይ ሳይሻል መቆየቱ ወይም ቀንሶ የነበረው እንደገና መባሱም መለያው ነው።

በከተሞቻችን አፍንጫው የታፈነ ሁሉ ሳይነስ አለብኝ ማለቱና ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መውሰዱ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ እንጂ በሂስታሚን ላይ ባለመሆኑ አለርጂውን አያሽለውም፤ በሌላ በኩል ያለ አስፈላጊነቱ መወሰዱ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ በማድረግ ነገ በእውነት ለሚያስፈልገው ሕፃን ወይም አዛውንት እንዳይሠራ ያደርጋል።

ከአለርጂ ውጭ የሚመጣ የአፍንጫ መቆጣትም አለ። የቆዳ ማልፊያ ሽታ፣ የከሰል ጭስ፣ የሚጥሚጣ ትነት፣ ሽቶና ቀዝቃዛ አየር አፍንጫን በቀጥታ ይኮሰኩሳሉ፤ እንዲህ ያለው ምላሽ አንቲቦዲ የለበትም፣ ማሳከክም እምብዛም አይታይበትም፣ የአለርጂ ክኒንም ብዙ አይረዳውም። ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ ንፍጥ፣ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የዓይን ዙሪያ እብጠትና የዕይታ መቀነስ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው፤ በትንሽ ልጅ ላይ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ሽታ ያለው ንፍጥ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ውስጥ የተረሳ ባቄላ ወይም ዶቃ መኖሩን ይጠቁማል።

መንሥኤውን በትክክል የሚያሳየው የቆዳ ምርመራ፣ ማለትም ከብናኙ የተዘጋጀ ፈሳሽ በቆዳ ላይ ጠብ አድርጎ በስሱ በመውጋት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚያብጥ መሆኑን ማየት፣ በኢትዮጵያ በየቦታው አይገኝም። ሆኖም ታማሚው ያስነጠሰበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የሠራውን ሥራ ለጥቂት ሳምንታት በደብተር ቢመዘግብ፣ በጤና ጣቢያ ለሚያየው ባለሙያ ከፍተኛ እገዛ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ሕመሙን የሚከፍለው በቆይታውና በክብደቱ ነው፤ በሳምንት ከአራት ቀን በታች ወይም በተከታታይ ከአራት ሳምንት በታች የሚቆየው አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ከሁለቱም መጠን የሚዘልቀው ዘውታሪ ይባላል፤ እንቅልፍን፣ ሥራንና ትምህርትን የሚነካው ደግሞ ከባድ ከሚባለው ወገን ይመደባል።

ከፋርማሲው መደርደሪያ

ቀላልና አልፎ አልፎ ለሚመጣው ሕመም በብዛት የሚታዘዙት ፀረ ሂስታሚን ክኒኖች ናቸው፤ እነዚህ ሂስታሚን ተጣብቆ የሚሠራበትን የሕዋስ መቀበያ አስቀድመው በመያዝ ማሳከክን፣ ማስነጠስንና ንፍጥን ይቀንሳሉ፣ አፍንጫ መታፈንን ግን እምብዛም አይፈቱም። በሁለት ትውልድ ይከፈላሉ። ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚንን የመሳሰሉት የቀድሞዎቹ ወደ አንጎል ስለሚዘልቁ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ትኩረትንም ያደክማሉ፤ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲንና ሴትሪዚን የሚገኙባቸው አዲሶቹ ግን ድብታቸው አነስተኛ ነው፣ ምንም እንኳ ሴትሪዚን አንዳንድ ሰዎችን ቢያስተኛም። ከደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ሌሊቱን ወደ ጅቡቲ ለሚነዳ የተሳቢ ሾፌር ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። የሚያስተኛውን ክኒን ውጦ ድብታውን በጫት ወይም በቡና ለመግፋት መሞከር የተዳከመውን ትኩረት ስለማይመልስ፣ ሾፌር የሆነ ሰው ሥራውን ለፋርማሲስቱ ነግሮ የማያስተኛውን መጠየቅ ይኖርበታል።

ለዘውታሪውና ለከባዱ ሕመም ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያላቸው ወደ አፍንጫ የሚረጩ ስቴሮይዶች ናቸው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካዞንና ሞሜታዞን ከዚህ ወገን ናቸው። ብግነቱን ከመነሻው ስለሚቀንሱ መታፈንንም ይፈታሉ፤ የሚጠቀሙበት መጠን ጥቂት፣ የሚያርፉትም በአፍንጫ ሽፋን ላይ ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው አነስተኛ ነው። ብዙ ታማሚዎች አልሠራልኝም ብለው የሚተዉአቸው ግን ሙሉ ውጤታቸው ለመታየት ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅና በትክክል ስለማይረጩ ነው። ራስን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ የቀኝ እጅን ለግራ አፍንጫ፣ የግራን ለቀኝ በመጠቀም፣ ጫፉን ከመካከለኛው አጥንት አርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ መርጨትና በኃይል ወደ ውስጥ አለመሳብ ተገቢው አካሄድ ነው። ሕመሙ በየመስከረም የሚመለስበት ሰው ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቢጠቀም ብግነቱ ሥር ሳይሰድ ይቀድመዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የተባሉት የአፍንጫ ጠብታዎች ናቸው፤ አፍንጫን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚከፍቱ ይወደዳሉ፣ ነገር ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ ሲወሰዱ ሽፋኑ መድኃኒቱን ይለምድና ጠብታው ባለቀ ቁጥር ይበልጥ ያብጣል፤ በዚህ አዙሪት ለዓመታት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ሁለተኛው የስቴሮይድ መርፌና ክኒን ነው፤ ፈጣን እፎይታ ቢሰጡም በመላ ሰውነት ስለሚሰራጩ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ተደጋግመው ሲወሰዱ አጥንትን ያሳሳሉ፣ በሰውነት ተደብቆ የተኛ የሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ለአፍንጫ አለርጂ ተብሎ በዘልማድ መወጋት አይገባም። ሦስተኛው ሞንቴሉካስት የተባለው ክኒን ሲሆን፣ በስሜትና በእንቅልፍ ላይ ሊያስከትል በሚችለው ችግር ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ባለሙያ ማማከር ይኖርባታል።

ሰውነትን ከብናኙ ጋር ቀስ በቀስ የማላመድ ሕክምና በሊዮናርድ ኑን እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን ተጀመረ፤ ዛሬ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ክኒን ለሦስት ዓመት ያህል የሚሰጥ ሲሆን፣ የሕመሙን ጠባይ ራሱን የሚለውጥ ብቸኛው መንገድ ነው። ዋጋው፣ ርዝመቱና የሚጠይቀው የባለሙያ ክትትል በኢትዮጵያ እንዳይስፋፋ አድርጎታል።

ከጓሮና ከማጀት

ከባህላዊውም ከዘመናዊውም ሕክምና ጋር የሚስማማ፣ ርካሽና ደጋፊ ማስረጃ ያለው መላ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከሻይ ማንኪያ ሩብ እስከ ግማሽ ጨውና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ በማሟሟት፣ ራስን ወደ ጎን አዘንብሎ በንጹሕ መርፌ አልባ ሲሪንጅ በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ማስወጣት የተጣበቀውን ብናኝና ንፍጥ ያጥባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም እጥበቱ ምልክቶችን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። ውኃው መፍላት ያለበት፣ ባልፈላ ውኃ የሚገኙ አንዳንድ ተውሳኮች በአፍንጫ በኩል ሲገቡ አደገኛ ስለሚሆኑ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት በየቤቱ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሲኒዮል የተባለ ዘይት አየር በደንብ የገባ ያህል ቀዝቃዛ ስሜት ይፈጥራል፣ ሞቃቱ ርጥበትም ንፍጥን ያቀጥናል፤ የአለርጂውን ምላሽ ግን አያቆምም። ትልቁ አደጋ ከፈላው ውኃ የሚመጣ ቃጠሎ በመሆኑ ሕፃናትን ከነብርድ ልብሳቸው በፈላ ድስት ላይ ማጎንበስ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ለምች የሚታሸው ዳማከሴ ትኩሳት የመቀነስ ባሕርይ እንዳለው በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ታይቷል፤ ይህ ግን የአፍንጫ አለርጂ ትኩሳት የሌለው ሕመም ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም። ጤና አዳም በቡና ላይ ለመዓዛ ሲጨመር ችግር የለውም፤ በብዛት ሲወሰድ ግን ጽንስን ሊያስወርድ ይችላል፣ ጭማቂው በቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘውም ያቆስላል። ፌጦ አፍንጫን የሚያስፈስሰው በሚያቃጥለው ዘይቱ ስለሆነ ጸዳሁ የሚለው ስሜት ቢኖርም በተቆጣ ሽፋን ላይ ሌላ ቁጣ ይጨምራል።

ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል የተሻለ ተስፋ ያላቸው ናቸው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በኢራንና በሌሎች አገሮች በተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች ምልክቶችን ቀንሷል። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ከዝንጅብል የወጣ ንጥር ውጤት ከሎራታዲን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል፤ ነገር ግን በጥናቱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ የተሰጠው ሦስተኛ ቡድን ስላልነበረ፣ መሻሻሉ ምን ያህሉ ከዝንጅብሉ እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለቱንም ከምግብና ከሻይ ጋር መጠቀም የሚጎዳ ባይሆንም፣ የሚሠራውን ክኒን አስትቶ በእነርሱ ለመተካት የሚያበቃ ማስረጃ ገና የለም።

ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ሌሊት የሚያስቸግርን ሳልም ያስታግሳል። የአካባቢን ማር መብላት ሰውነትን ከአካባቢው ብናኝ ጋር ያላምዳል የሚለው ሐሳብ ግን አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ ንብ የምትሰበስበው ከአደይና ከሌሎች ደማቅ አበቦች ሲሆን፣ አለርጂ የሚያመጣው የሣር ብናኝ በማር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በአሜሪካ ኮኔቲከት እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አነስተኛ ጥናትም የአካባቢ ማር ከማስመሰያው የተለየ ጥቅም እንዳላሳየ ዘግቧል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

የወይራ፣ የእጣንና የከርቤ ጭስ ለቡና ሥነ ሥርዓትና ለጸሎት ያላቸው ክብር የታወቀ ነው፤ ሆኖም ማንኛውም ጭስ የተቆጣን አፍንጫና የአስም ሕመምተኛን ሳንባ ስለሚኮሰኩስ፣ በወቅቱ መስኮት ከፍቶ ወይም ጥቂት ፈቀቅ ብሎ መቀመጥ ይበጃል። ጸበል የሚጠመቅ ታማሚም የአፍንጫ መድኃኒቱን፣ ይልቁንም የአስም መንፊያውን ሳያቋርጥ እምነቱን መፈጸም ይችላል። ከሁሉ ቀላሉና ማንንም የማይጎዳው መላ እናቶች በአቧራ ጊዜ አፍንጫቸውን በነጠላ የሚሸፍኑበት ልማድ ነው፤ በአውድማ ላይ የሚሠራ ሰው በደንብ የሚገጥም ጭንብል ቢያደርግ፣ ወደ ቤት ሲገባም ፊቱን ታጥቦ ልብሱን ቢቀይር የሚስበው ብናኝ በእጅጉ ይቀንሳል።

አፍንጫና ሳንባ

የአፍንጫና የሳንባ አየር መተላለፊያ አንድ ቀጣይ ሽፋን ስለሆነ አስም ካለባቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ የአፍንጫ አለርጂም አለባቸው። ማስነጠሱ ላይ ማታ ማታ ሳል፣ የደረት መጥበብና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የተጨመረበት ሰው ለአስም መመርመር አለበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ ለዓለም ዕውቀት አበርክታለች። በጅማና በአካባቢው ገጠር የተካሄደው፣ በላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣው ቀጣይ ሥራ ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አነስ ብሎ መገኘቱን ዘግቧል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ትልን ማቆየት ሳይሆን፣ የኑሮ ዘይቤ ሲለወጥ የሰውነት መከላከያም ጠባዩ እንደሚለወጥ መገንዘብ ነው። በጅማ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከመንገድ 150 ሜትር ባልራቀ ቦታ ከሚኖሩት መካከል ወደ መንገዱ ይበልጥ የቀረቡት ሲር ሲር ለሚል ትንፋሽ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል። በገጠርና በአውራ ጎዳና መካከል በፍጥነት እያደገች ላለችው ሞጆ እነዚህ ግኝቶች የነገን የሚያመለክቱ ናቸው።

የጋራ ሥራ የሚጠይቀው አረም

አንድ ታማሚ ብቻውን የማይወጣው መንሥኤም አለ። በሰሜን ቅንጨ አረም፣ በኦሮሚያ ፋረምሲሳ የሚባለው ፓርቴኒየም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ አረም ሲሆን፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከታየ በኋላ መንገድንና የባቡር መስመርን ተከትሎ በስምጥ ሸለቆ ተስፋፍቷል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ብናኙ የአፍንጫ አለርጂንና አስምን፣ ፓርቴኒን የተባለው ኬሚካሉም በነካው ቆዳ ላይ ብርቱ ማሳከክና ቁስል ያመጣል። ከብት ሲበላው ወተቱና ሥጋው ይመርራል። አረሙ ቀደም ብሎ በተስፋፋባት ሕንድ በባንጋሎር ከተማ የአፍንጫ አለርጂ ዋነኛ መንሥኤዎች ከሆኑት አንዱ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል።

አረሙን መንቀል የሚገባው ከማበቡ በፊት፣ በጓንትና ረጅም እጅጌ ባለው ልብስ ነው፤ ካበበ በኋላ መንቀል ብናኙንና ዘሩን የሚበትን ከመሆኑም በላይ ነቃዩን ያሳምማል። አለርጂ ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት በሥራው ባይሰማሩ ይሻላል። ከአዳማ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ወለንጪቲ አካባቢ የአረሙን ቅጠል የሚበላ ጥንዚዛ ተራብቶ ተለቋል፤ ይህ ዘዴ ውጤቱ በዓመታት የሚታይ ስለሆነ የእጅ ነቀላን አያስቀርም። በሞጆ የመንገድ ዳርቻዎች፣ በባቡር መስመሩ ግራና ቀኝ፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች ግቢ በሐምሌና በነሐሴ የሚደረግ የነቀላ ዘመቻ ለእርሻውም ለአፍንጫውም ይከፍላል።

የአፍንጫ አለርጂ ከብዙ ሕመሞች የሚለይበት አንድ በጎ ጎን አለው፤ የሚመጣበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል። በሐምሌ አረሙ ይነቀል፤ በነሐሴ አጋማሽ የሚረጨው መድኃኒት ይጀመር፤ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ማታ ማታ አፍንጫ በጨው ውኃ ይታጠብ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጭንብል ከአውድማ አይለይ፤ ሾፌሩ የማያስተኛውን ክኒን ይምረጥ፤ ዝንጅብሉና ማሩም በሻዩ ላይ ይቀጥሉ። ከዚህ አብዛኛው ውድ መሣሪያም የረቀቀ ሆስፒታልም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የየጤና ጣቢያው ባለሙያዎችና የየፋርማሲው ፋርማሲስቶች ሕመሙን በስሙ ጠርተው፣ ክረምቱ ሳያልቅ ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ነው። በየዓመቱ የሚመጣ እንግዳን ሳይዘጋጁ መጠበቅ ልማድ ሆኖ የቆየው ሕመሙ ቀላል ነው ተብሎ ስለታለፈ ነው፤ እንቅልፍ ያጣው ልጅ፣ ትንፋሽ ያጠራት እናትና በመሪ ላይ ያንቀላፋው ሾፌር ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ሊሰጣቸው የሚገባውም ሕክምና በእጅ ያለ ነው።